«መሶቡ ይከደን፤ እኔም ተከድኛለሁ»፦ የጥጋብ አባባሎች አመጣጥና የቤተሰብ ትርክት

መግቢያ

በእናቴ ወገን ቤተሰብ ውስጥ ማዕድ ሲያበቃ የሚነገር አንድ አባባል አለ። በቅቶኛል ለማለት የፈለገ ሰው «መሶቡ ይከደን፤ እኔም ተከድኛለሁ» ይላል። አባባሉ መሶብ በሌለበትና ምግብ በሳህን በሚቀርብበት የከተማ ቤት ውስጥ እንኳ ሳይቀር ዛሬም ይነገራል። እንግዳ ሰው ሲሰማው ፈገግ ይላል፤ መልእክቱን ከሁኔታው ይረዳዋል እንጂ ከቃላቱ አያገኘውም። መሶብ ይከደናል፤ ሰው ግን እንዴት ይከደናል?

እንዲህ ያሉ አባባሎች ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ የዘመድ ክበብ እምብዛም ስለማይወጡ የምሳሌያዊ አነጋገር መድበሎች አይመዘግቧቸውም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አያገኟቸውም። ተናጋሪዎቻቸው ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ በአንድ የቤተሰብ አባባል ላይ ተመሥርቶ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። የመጀመሪያው፣ አማርኛ «ጠገብኩ» የሚል አጭርና ግልጽ ቃል እያለው ተናጋሪዎቹ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄዱ አባባሎችን ለምን አስፈለጓቸው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቤተሰቦች ስለ አባባሎቻቸው አመጣጥ የሚተርኩት ታሪክ ምን ያህል ይታመናል? የሚል ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የጥጋብ አባባሎች በአብዛኛው የሚወለዱት «ጠገብኩ» የሚለውን ቃል ከመሸሽ ነው፤ ስለ አመጣጣቸው የሚመሰክሩትም ከትርክቱ ይልቅ በውስጣቸው ያሉት ቃላት ናቸው።

ሁለት ገጽ ያለው ቃል

«ጠገበ» የሚለው ግስ ከግእዙ «ጸግበ» ጋር አንድ ሥር አለው። የግእዝ «ጸ» በአማርኛ ወደ «ጠ» መለወጡ በሌሎች ቃላትም የሚታይ ነው፤ «ጸምአ» «ጠማ»፣ «ጸብሐ» ደግሞ «መስከረም ሲጠባ» እንደሚባለው «ጠባ» ሆኗል። ትግርኛው «ጸገበ» በበኩሉ የጥንቱን ድምፅ እንደያዘ ቀርቷል።

የቃሉ ድምፅ አመጣጥ ቀላል ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ጥጋብ በረከት ነው። «አገሩ ጥጋብ ነው» ሲባል እህሉ በዝቷል፣ ገበያው ረክሷል ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ ለፈርዖን የፈታቸው ሰባት የተትረፈረፉ ዓመታት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጥጋብ ዓመታት ተብለዋል። በሌላ በኩል ጥጋብ ነውር ነው። «ጥጋበኛ» የሚባለው ብዙ የበላ ሰው ሳይሆን ልኩን ያለፈ፣ ሰው የሚንቅ፣ ጠብ የሚፈልግ ሰው ነው። «ጥጋቡን አበርድለታለሁ» የሚል ዛቻ ስለ ምግብ የሚናገር አንድም ሐሳብ የለውም።

እነዚህ ሁለት ትርጉሞች እንዴት ተገናኙ? መልሱ ከከብት ርቢው ኑሮ ይገኛል። በደንብ የተቀለበ ፈረስ ወይም በቅሎ ጭነት አልቀበልም ይላል፤ ይራገጣል፤ ጌታውን ይጥላል። ገበሬው እንዲህ ያለውን እንስሳ «ጠግቧል» ይለዋል። ቃሉ ከእንስሳው ወደ ሰው ሲሻገር ይህን ጠባይ ይዞ ተሻግሯል ብሎ መገመት ይቻላል። ሐሳቡ በኦሪት ዘዳግም 32፥15 ላይም ይታያል፤ በዚያ ስፍራ ወፍሮ የተራገጠ እንስሳ የፈጠረውን አምላክ ለረሳ ሕዝብ ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። ስለዚህ በአማርኛ «ጠገብኩ» የሚል ሰው ስለ ሆዱ ብቻ መናገር ቢፈልግም ቃሉ ሌላውን ጥላ አብሮ ይጎትታል።

ረሃብ ያገኛል፤ ጥጋብ ግን ይሠራል

ሰዋስው ይህን ጥላ ያጠናክረዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሲርበው «ራበኝ» ይላል። በዚህ ግስ ተናጋሪው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ባለቤቱ ስሙ የማይጠራ ሦስተኛ መደብ ነው። «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉትም በዚሁ መንገድ ይረባሉ። ሁሉም ሰው ሳይፈልግ የሚደርሱበት ነገሮች ናቸው። «ተራብኩ» የሚል ርባታ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ይህ ከዕለት ርሃብ ይልቅ ለከፋውና ለቆየው ችግር ይቀርባል። ግእዝ በአንጻሩ ሰውየውን ባለቤት አድርጎ «ርኅብኩ» ይላል፤ ስለዚህ የዕለቱን ረሃብ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ ማድረግ አማርኛ በራሱ ጉዞ ያዳበረው አገላለጽ ነው።

ጥጋብ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። «ጠገበኝ» አይባልም፤ «ጠገብኩ» ነው። ባለቤቱ ራሱ በይው ነው። በሌላ አነጋገር፣ በአማርኛ ዐይን ረሃብ በሰው ላይ የሚወርድ ነው፤ ጥጋብ ግን ሰው ራሱ የሚሆነው ነው። የሚሆኑት ነገር ደግሞ ተጠያቂነት አለው። «ጠገብኩ» ባይ ምንም ሳያስበው፣ በሰው ቤት ተቀምጦ፣ በሰው እንጀራ ፊት ስለ ራሱ መግለጫ ይሰጣል።

«በቃኝ» የሚለው መልስ ይህን ችግር ይፈታል። በዚህ ግስ ባለቤቱ ምግቡ ነው፤ በይው እንደገና ተሳቢ ይሆናል። ቃሉ መጥቀምንና መርባትን ከሚያመለክተው ከግእዙ «በቍዐ» ጋር ይዛመዳል። በአማርኛ መጠኑን ማሟላትን፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ደረጃ መድረስን ያመለክታል። «ብቁ» እና «ብቃት» ከዚህ ወጥተዋል፤ በቤተ ክርስቲያን አነጋገርም ከከፍተኛ መንፈሳዊ ደረጃ የደረሱ አባት «የበቁ» ይባላሉ። «በቃኝ» የሚል እንግዳ እንግዲህ የሚመሰክረው የራሱን መሙላት ሳይሆን የምግቡን ማሟላት ነው። ምስጋናው ለአስተናጋጁ ይሄዳል። «ተመስገን» እና «አልሐምዱሊላህ» የሚሉት መልሶች ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ፤ ባለቤትነቱን ከምግቡም አንሥተው ለፈጣሪ ይሰጣሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ ሁለቱም ቃላት በየማዕዱ አንድ ሥራ ሲሠሩ ይሰማል።

የእምቢታ ጥበብ

ሆኖም በሐበሻ ማዕድ ላይ «በቃኝ» ብቻውን አይበቃም። ጋባዥዋ «በሞቴ!» ትላለች፤ «አፈር ስሆን!» ትጨምራለች፤ «ምነው፣ ወጡ አልጣፈጠህም?» ብላ ትጠይቃለች። ጉርሻ ይከተላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይመጣል፤ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ስለሚባል ደግሞ መጨነቁ ራሱ የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። የመጀመሪያው «በቃኝ» እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ እውነት አይወሰድም። እንግዳው እምቢታውን የሚያጸና ነገር ግን ጋባዥዋን የማያስቀይም ሌላ ቃል ያስፈልገዋል።

የጥጋብ አባባሎች የሚፈለፈሉት በዚህች ጠባብ ቦታ ነው። አንዳንዱ ግነትን ይመርጣል፦ «አንገቴ ድረስ ደርሷል»፣ «ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ»። አንዳንዱ ሕመም ያስመስለዋል፦ «ቁንጣን ሊይዘኝ ነው»። ሌላው ወደ ምርቃት ያዞረዋል፦ «የአብርሃም ማዕድ ያድርግልዎ»። በእነዚህ ሁሉ የጋራ የሆነው ነገር ተናጋሪው «ጠገብኩ» ከሚለው ግስ ባለቤትነት መውጣቱ ነው። አንዴ ምግቡን፣ አንዴ ሆዱን፣ አንዴ ፈጣሪን ባለቤት ያደርጋል። ቀልዱም ሥራ አለው። ጋባዥዋን ካሳቀ እምቢታው ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው።

እምቢታው ሌላም ምክንያት ነበረው። በቀድሞው ቤት ትልልቆቹ ቀድመው ይበሉና ከማዕዱ የተረፈው ለልጆችና ለቤቱ አገልጋዮች ይሄድ ነበር። ጨዋ እንግዳ መሶቡን ጠርጎ አይነሣም፤ ለሚቀጥለው በላተኛ ያስተርፋል። ስለዚህ «በቃኝ» ማለት አንዳንድ ጊዜ «ከእኔ በኋላ የሚበላ እንዳለ አውቃለሁ» ማለት ነበር። የጥጋብ አባባል ሁልጊዜ ከጠገበ ሰው አፍ አይወጣም። ይህን ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

ትርክቱና ቃላቱ

ወደ ቤተሰቤ አባባል እንመለስ። በቤታችን የሚነገረው ትርክት እንዲህ ነው። ቅድመ አያቴ በአንድ የወሎ መኳንንት ግብር ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አሳላፊው ደጋግሞ ያቀርብላቸዋል። እሳቸውም «መሶቡ ይከደን፤ እኔም ተከድኛለሁ» ይላሉ። መኳንንቱ በንግግራቸው ተደስተው ካባ ይሸልሟቸዋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አባባሉ የቤተሰቡ ሆኖ ቀረ።

ትርክቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በሦስት ምክንያቶች ያጠራጥራል። አንደኛ፣ የታወቀ የትርክት ዓይነት ነው። ብልህ ሰው በባለሥልጣን ፊት አንድ ቃል ተናግሮ የሚሸለምበት ወግ በአገራችን ሥነ ቃል ውስጥ ሞልቷል። ተናጋሪው የማይታወቅ ቀልድ ባለቤት ሲፈለግለት ወደ ታወቀ ስም መጠጋቱም የተለመደ ነው፤ በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገሩት ቀልዶች ብዛት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ቤተሰብም በራሱ ክበብ ውስጥ ይህንኑ ያደርጋል፤ ከወገኑ ስመ ጥሩ የሆነውን ሰው ይመርጥና አባባሉን ይሰጠዋል።

ይህ የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ የጠገበ ሰው «ያማረ መጠን አግኝቻለሁ፤ ከዚህ የሚጨመረው ትርፍ ነው» የሚል ትርጉም ያለው፣ ሆን ተብሎ የተጋነነ የጨዋ ንግግር ይናገራል። ብዙዎች አባባሉን የራሳቸው አያት የፈጠሩት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በብሪታኒያም በሰሜን አሜሪካም ይታወቃል፤ «ያማረ መጠን» የሚለው ጥምር ቃል ደግሞ ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ጄምስ ቶምሰን በ1728 እ.ኤ.አ. ስለ ጸደይ ባሳተመው ግጥም ውስጥ ይገኛል። ከመጽሐፍ የወጣው ቃል ማዕድ ቤት ገብቶ፣ ቀልድ ሆኖ፣ በመጨረሻ የየቤቱ ውርስ ተደርጎ ተቆጥሯል። የአያት ስም የአባባሉን ምንጭ ሳይሆን የተወደደበትን ቤት ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የግብር ሥርዓት ከትርክቱ ጋር አይስማማም። ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓትና ደንብ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. በታተመው «ዝክረ ነገር» ብዙ መዝግበዋል። በግብር ላይ እንግዳው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ አንዱ ወገን በልቶ ሲነሣ ሌላው ይገባል። የማዕዱን መጨረሻ የሚወስነው ሥርዓቱ ነው እንጂ የአንድ እንግዳ ጥጋብ አይደለም። በጌታ አዳራሽ «መሶቡ ይከደን» ብሎ ማዘዝ ለእንግዳ የሚፈቀድ ቃል አይመስልም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ማስረጃ ቃሉ ራሱ ነው። መሶብ የሚከድነው ማን ነው? በቤት ውስጥ እንጀራውን የጋገረችው፣ ያቀረበችውና የተረፈውን የምታነሣው ሴት ናት። መሶብን መክደን የማዕድ ፍጻሜ ምልክት ነው፤ ያንን ምልክት የምትሰጠውም እመቤቷ ናት። አባባሉ የጓዳ ቋንቋ ነው እንጂ የአዳራሽ ቋንቋ አይደለም።

«ከደነ» ምን ይሸፍናል?

«ከደነ» በግእዝም በአማርኛም መሸፈንን ያመለክታል። ድስት ይከደናል፤ ቤት በሣር ይከደናል፤ «ክዳን» ከዚሁ ይወጣል። ቃሉ ግን ዕቃን ብቻ አይሸፍንም። «ገመናን መክደን» የሰውን ጉድለት ከሌላ ዐይን መሰወር ነው። ሊነገር የማይገባው ነገር ሲነሣ «ተከድኖ ይብሰል» ይባላል።

ከ«ከደነ» ጎን «ሆድ»ን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሆድ በአማርኛ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የምሥጢርም ማደሪያ ነው። ቂም በሆድ ይያዛል፤ ታጋሽ ሰው «ሆደ ሰፊ» ነው፤ ያዘነ «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ የማይነገር ነገር «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይተዋል። እንግዲህ «እኔም ተከድኛለሁ» የሚል ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። በላይኛው ትርጉም «ጎድሎ የነበረው ተሸፍኗል፤ በቅቶኛል» ይላል። በታችኛው ትርጉም ግን «በሆዴ ያለው አይገለጥ» ይላል። ሁለተኛውን ትርጉም በራሴ ንባብ ብቻ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ከግምት አያልፍም ነበር። ከአክስቴ ጋር ያደረግሁት ጭውውት ግን ሌላ ክብደት ሰጠው።

አክስቴ የሴት አያቴ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎ ድርቅ ሲወርድ ገና ሕፃን ነበሩ። ስለ ቅድመ አያታችንና ስለ ካባው ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«የካባውን ወሬ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ወንዶቹ ናቸው የሚያወሩት። እኔ የማውቀው እናቴን ነው። ያን ጊዜ ማታ ማታ ያለችውን ቂጣ ቆርሳ ለእኛ ትሰጠንና መሶቡን ትከድነዋለች። እንድትበላ ስንላት ‹መሶቡም ተከደነ፤ እኔም ተከድኛለሁ› ትለን ነበር። ጠግባ ይመስለን ነበር። መሶቡ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።»

የአክስቴ ቃል አባባሉ መቼና በማን አፍ እንደተጀመረ አይወስንም፤ አያቴም ከእናታቸው ሰምተውት ሊሆን ይችላል። የሚያሳየው አጠቃቀሙን ነው፤ አጠቃቀሙ ደግሞ ከቃላቱ ጋር በትክክል ይገጥማል። መሶብ የሚከደነው ምግብ እንዳይደርቅ ብቻ አይደለም፤ ባዶነቱ እንዳይታይም ነው። «ጠገብኩ» ማለት ለዚያች እናት ውሸት ይሆን ነበር። «ተከድኛለሁ» ግን ውሸት አልነበረም።

በተለይ በእነዚያ ዓመታት «መክደን» ከአንድ ጎጆ በላይ የሆነ ትርጉም ነበረው። የወሎን ረሃብ መንግሥት ለመሸሸግ መሞከሩ በታሪክ የታወቀ ነው፤ ነገሩ በሰፊው የተገለጠው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነበር። ሁለቱ መሸፈኖች ግን አንድ አይደሉም። አንደኛው የሌሎችን ረሃብ ለራስ ክብር ሲል ደበቀ፤ ሌላው የራስን ረሃብ ለሌሎች ጥጋብ ሲል ደበቀ።

ማጠቃለያ

ከዚህ አንድ ምሳሌ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ በአማርኛ የጥጋብ አባባሎች መብዛት የቋንቋው ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ጠገበ» በትርጉሙ ትዕቢትን ስለሚያስከትል፣ በሰዋስውም በይውን ባለቤት ስለሚያደርግ፣ ጨዋ ተናጋሪ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የቤተሰብ ትርክት አባባሉን ለክብር በሚመች ሰውና ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ በእኛ ቤት ከጓዳ አውጥቶ አዳራሽ አስገብቶታል፤ ከሴት ወስዶ ለወንድ ሰጥቶታል። ትርክቱ ስለ አመጣጡ ባይታመንም ቤተሰቡ ምን ማስታወስ እንደፈለገ፣ ምንንም መክደን እንደመረጠ ስለሚያሳይ ሊመዘገብ ይገባዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የጥጋብ አባባል ስለ ረሃብ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የረሃብ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከመንግሥት ሰነድና ከርዳታ ድርጅቶች ዘገባ ነው። ቤት ውስጥ ማን ሳይበላ እንዳደረ ግን የትኛውም ሰነድ አይመዘግብም፤ በማዕድ ላይ የቀረ አንድ ቃል ሊመሰክር ይችላል።

የሥነ ቃልና የሥነ ልሳን ተመራማሪዎች እነዚህን አባባሎች ሲሰበስቡ ቃሉን ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ ያስፈልጋል። ማን ይለዋል፣ ለማን ይለዋል፣ በልቶ ነው ወይስ ሳይበላ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በተለይ ሴቶች አረጋውያንን ለብቻቸው ማነጋገር ጠቃሚ ነው፤ እኔም የአክስቴን ቃል ያገኘሁት ወንዶቹ ከማዕድ ከተነሡ በኋላ፣ መሶቡ ሲነሣ ነው።